እውነት ወይስ ተረት? በ5፡40 የሚጠፋው ዋይፋይ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ወዳለ አንድ ኮሌጅ ተጠርቼ ሄድኩ። ስሙን አልጠቅስም፤ ችግሩ የብዙ ግቢ ችግር ነውና። መሣሪያውን ገና ሳላየው አራት ምክንያት ሰማሁ። በር ላይ ያሉት ጥበቃ፣ «ልጄ፣ ይኼ ነገር ካለፈው መብረቅ ወዲህ የመጣ ነው» አሉኝ። ጸሐፊዋ የተማሪው ብዛት ነው አለች። የኮምፒውተር ክፍሉ ወጣት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ሰው እየገባበት ነው» አለኝ። ዕቃ ግምጃ ቤት የሚሠሩት ደግሞ ነገሩን ባጭሩ ቆረጡት፦ «ዕቃው ራሱ ፎርጅድ ነው።»

«በስንት ሰዓት ነው የሚጠፋው?» ብዬ ጠየቅሁ።

እርስ በርስ ተያዩ። «አንዳንዴ ነው» አለች ጸሐፊዋ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ያቺ «አንዳንዴ» ናት። ምክንያት የሚያውቅ ሰው ሞልቷል፤ ሰዓት የያዘ ሰው ግን አላገኘሁም። ሰዓቱ ካልታወቀ ደግሞ መብረቁም፣ ተማሪውም፣ ጠላፊውም፣ ፋብሪካውም እኩል ተጠርጣሪ ናቸው፤ ማንንም ነጻ ማውጣት አይቻልም።

ነገሩ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ ቢሆን እንዲህ አልደክምበትም ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ተማሪ የመውጫ ፈተናውን የሚወስደው በኮምፒውተር ነው። ከደጀን፣ ከቢቸና፣ ከሉማሜ መጥቶ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ የልምምድ ጥያቄ የሚያወርደው፣ ማመልከቻ የሚልከው በግቢው ዋይፋይ ነው። የሞባይል ዳታ ለመሙላት ከምሳው የሚቀንስ ተማሪ አውቃለሁ። ፋይሉ ሊያልቅ ሲል ሲቋረጥበት እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ «አንዳንዴ ነው» ብሎ መመለስ ለእኔ ከባድ ነው።

ወደ ተረቶቹ ከመግባቴ በፊት ስለ ዕቃው ጥቂት ልበል። ጣሪያ ላይ የሚለጠፈው ነጭ ሳህን መሳይ ነገር አክሰስ ፖይንት ይባላል። ከውጭ አንድ ቀፎ ቢመስልም ውስጡ አንድ ፕሮሰሰርና አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ራዲዮ አለ፤ አንዱ በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ ሌላው በ5 ጊጋኸርዝ ይሠራል። ራዲዮ ስል ዜና የምንሰማበትን አይደለም፤ ከስልካችን ጋር በአየር የሚነጋገረውን ክፍል ማለቴ ነው። «ዋይፋዩ ጠፋ» ስንል እንግዲህ ሦስት የተለያየ ነገር ልንል እንችላለን። ቀፎው በሙሉ ጠፍቶ ተነሥቶ ይሆናል፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ነገር ነው። ቀፎው ሳይጠፋ አንዱ ራዲዮ ብቻ ሪሴት አድርጎ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ወደ ቻናል፣ ወደ ቅንብር ወይም ወደ ሶፍትዌር ይመራል። ወይም ሁለቱም ደህና ሆነው የአንድ ሰው ስልክ ብቻ ተቆርጦ ይሆናል።

መለየቱ ከባድ አይደለም። የመሣሪያው መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ ዕቃው ከተነሣ ስንት ጊዜ እንደሆነው ተጽፏል። ቀፎው «40 ቀን» እያለ ራዲዮው ከአሥር ደቂቃ በፊት ከተነሣ፣ መብራቱ ንጹሕ ነው፤ ቮልቴጅ መለኪያ ይዞ ግድግዳ ለግድግዳ መዞር አያስፈልግም። ቀፎውም «12 ደቂቃ» የሚል ከሆነ ግን ከሶኬቱ ጀምሮ ኬብሉን መከተል ነው።

ተረት፦ «አጥፍቶ ማብራት መድኃኒቱ ነው»

ዋይፋዩ ተመልሶ ይመጣል፤ እሱ እውነት ነው። ነገር ግን አጥፍቶ ማብራት ማስረጃውን ያጠፋል። አብዛኞቹ አክሰስ ፖይንቶች የውሎ መዝገባቸውን፣ ባለሙያዎች ሎግ የምንለውን፣ የሚይዙት መብራት ሲቋረጥ በሚጠፋ ሜሞሪ ላይ ነው። ሶኬቱን የነቀለ ሰው ሳያውቀው የዕለቱን ምስክር አባረረ ማለት ነው። ስለዚህ ከመንቀል በፊት መዝገቡን ኮፒ ማድረግ ይገባል። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ መዝገቡ እየተጻፈ ወደ ሌላ ኮምፒውተር እንዲላክ ማድረግ ነው፤ ይህን የማይችል ደኅና ዕቃ የለም ማለት ይቻላል፤ ግቢዎቻችን ውስጥ ሲጠቀሙበት ግን ብዙ አላየሁም።

መዝገቡ ሲገኝም ሰዓቱን ማንበብ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የኮሌጁ ወጣት የመቆጣጠሪያውን መዝገብ አሳየኝና፣ «ይዋሻል፤ 8፡40 ላይ ጠፋ ይላል፤ በ8፡40 ግን ማንም ቅሬታ አላመጣም» አለኝ። መዝገቡ አልዋሸም። የሚጽፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። የእኛ አገር ከዚያ በሦስት ሰዓት ትቀድማለች፤ በዚያ ላይ እኛ ቀኑን መቁጠር የምንጀምረው ከንጋት ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ነገሩ ቀላል ይሆናል፦ ከመዝገቡ ላይ ሦስት ሰዓት መቀነስ ነው። 08፡40 ያለው ከጠዋቱ 5፡40 ነው። ስሕተቱ አደገኛ የሚሆነው ሁለቱም የሥራ ሰዓት ስለሚመስሉ ነው፤ መዝገቡ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቢል ኖሮ ማንም ይጠረጥር ነበር።

አንድ ሌላ ምልክት አለ፤ ብዙዎች አይተውት ያልፋሉ። የአክሰስ ፖይንቱን የራሱን መዝገብ ስከፍተው የመጀመሪያው መስመር ጥር 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ይል ነበር። ይህ ብልሽት አይደለም። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች በውስጣቸው ሰዓት የሚጠብቅ ባትሪ የላቸውም፤ ሲነሡ የኮምፒውተር ዘመን መቁጠሪያ ከሆነው ከዚያ ዕለት ይጀምሩና ኔትወርክ ሲያገኙ ትክክለኛውን ሰዓት ይወስዳሉ። በመዝገቡ ላይ 1970 ብቅ ካለ ቀፎው ከባዶ ተነሥቷል ማለት ነው። በኮሌጁ የጠላፊው ጥርጣሬ የወደቀው በዚህ መስመር ነው፤ ለምን እንደሆነ ከታች እመለስበታለሁ።

ተረት፦ «ሰው ሲበዛበት ይወድቃል»

ግማሽ እውነት ያለው ተረት ከሙሉ ሐሰት ይልቅ ያስቸግራል። ሰው ሲበዛ ዋይፋይ ይዘገያል፤ አዲስ ስልክም ላይቀበል ይችላል። ጤነኛ ዕቃ ግን ስለተጨናነቀ ብቻ አይጠፋም። ታዲያ ማታ ማታ ተማሪው ከእራት ሲመለስ እየጠፋ ሌሊት ለምን ደህና ያድራል?

ይህን ያየሁት ወደ አማኑኤል መውጫ ባለ አንድ የተማሪዎች መኖሪያ ነው። አክሰስ ፖይንቱ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በዚያው በኔትወርክ ኬብሉ ውስጥ ነበር፤ ፒኦኢ የምንለው ነው። ኬብሉ ከመነሻው 90 ሜትር ይርቃል። ጫፉን ቆርጬ ከስምንቱ ቀጫጭን ሽቦዎች አንዱን አወጣሁና በምላጭ ቀስ አድርጌ ፋቅሁት። ቀዩ ቆዳ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲፋቅ ተነሣ፤ ከሥሩ ነጭ ወጣ። መዳብ ቢሆን እስከ መሀሉ ቀይ ነው። ይህ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። ከጥቅሉ ላይ ግን ካት 6 ተብሎ ተጽፏል፤ ሻጩም ገዢውም የሚያውቁት የተጻፈውን ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ግድ ይላል። የተለመደው ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ በ90 ሜትር ደርሶ መልስ ለኤሌክትሪኩ 8 ኦም ተኩል ያህል ይቋቋማል። የአልሙኒየሙ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚሆን ወደ 13 ኦም ይጠጋል። ኬብሉን ኤሌክትሪክ የሚመግበው ርካሹ ባለ 24 ቮልት ኢንጀክተር ከሆነ፣ መዳቡ 12 ዋት ተሸክሞ ሲሄድ ጫፍ ላይ 18 ቮልት ተኩል ያህል ይደርሳል፤ የሚሠራ ዕቃ ይሠራል። በአልሙኒየሙ ግን 12 ዋት ጭራሽ አይደርስም። የቱንም ያህል ቢስብ መስመሩ ማሳለፍ የሚችለው 11 ዋት ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲጠየቅ ቮልቴጁ ይዘቅጥና ዕቃው ይጠፋል።

አክሰስ ፖይንት ደግሞ ሥራ ሲፈታ 5 ወይም 6 ዋት ነው የሚበላው። ሌሊት መስመሩ ይበቃዋል። ማታ ግን ሁለቱም ራዲዮዎች ያለ ዕረፍት ሲያስተላልፉ ፍላጎቱ ይወጣል፤ ጣሪያውን ሲነካ ይወድቃል፤ ተነሥቶ ሰው ሲሰበሰብበት እንደገና ይወድቃል። ተማሪው ምክንያት መሰለ፤ ጥፋቱ ግን የሽቦው ነበር። የቤቱ ባለቤት ሁለተኛ አክሰስ ፖይንት ሊገዙ ተዘጋጅተው ነበር። በዚያው ኬብል ላይ ቢሰቅሉት ገንዘባቸው ፈሰሰ ማለት ነው። 90 ሜትር መዳብ ኬብልና ደረጃውን የጠበቀ ባለ 48 ቮልት መመገቢያ ገዛን። 802.3ኤኤፍ የሚባለው የ2003 እ.ኤ.አ. ደንብ ከመነሻው 15.4 ዋት ሰጥቶ 100 ሜትር ላይ 12.95 ዋት እንዲደርስ ያስገድዳል፤ ልዩነቱ በመንገድ ላይ የሚጠፋው ነው። ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን ለዚያው ዋት የሚሄደው ከረንት በግማሽ ይቀንሳል፤ ብክነቱም ወደ ሩብ ይወርዳል።

ይህንን በዝርዝር የጻፍኩት ምላጭ የሌለው ቤት ስለሌለ ነው። ኬብል ስትገዙ ከሻጩ ፊት አንዱን ሽቦ ፋቁት፤ ሊከፋው አይገባም።

ተረት፦ «ሰው እየጠለፈው ነው»

ሰዎችን ከዋይፋይ የሚያባርር ጥቃት በእርግጥ አለ። አጥቂው አክሰስ ፖይንቱን መስሎ ለስልኮች «ተሰናበቱ» የሚል የሐሰት መልእክት ይልካል። ልብ በሉ፤ መልእክቱ የሚሄደው ለስልኮቹ ነው። በዚህ ጥቃት ራዲዮው ሪሴት አያደርግም፤ ቀፎውም አይጠፋም። መዝገቡ ላይ የሚታየው ብዙ ስልክ በአንድ ጊዜ ሲሰናበት ነው። መከላከያውም ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በደንብ የታወቀ ነው፤ ዳብልዩፒኤ3 የሚባለው አዲሱ የይለፍ ቃል ሥርዓት ደግሞ ግዴታ አድርጎታል። ራዲዮው የሚጠፋ ከሆነ ግን በሰው ላይ ጣት ከመቀሰር በፊት ኤሌክትሪኩንና ቻናሉን መርምሩ። አንድ ጎበዝ ተማሪ ኮምፒውተር ስለሚወድ ብቻ ሲጠረጠር አይቻለሁ፤ ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ቤተ ሙከራው ውስጥ መግባት ያፍር ነበር።

ተረት፦ «ጎጃም ደጋ ነው፤ ሙቀት አያሰጋንም»

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጮቄም ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ብርዱን ይልክልናል። ጋቢ የለበሰ ሰው ዕቃ ሞቀው ቢሉት አይዋጥለትም። ግን አክሰስ ፖይንቱ የተሰቀለበት ቦታ ሲታይ ነገሩ ሌላ ነው። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ባለው ክፍተት የመጋቢት ፀሐይ ሰባት ሰዓት ላይ እጅ አያስቀምጥም። የቤት ውስጥ ዕቃዎች ደግሞ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ እስከ 40 ወይም 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በዚያ ላይ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ስስ አየር ሙቀት ተሸክሞ መሄድ ይደክመዋል፤ ስለዚህ ያው 40 ዲግሪ እኛ ጋ ለዕቃው ይብሳል።

ሌላው በየግቢው የማየው ነገር ሌባ እንዳይወስደው ተብሎ በብረት ሣጥን መቆለፍ ነው። ስጋቱ ይገባኛል። ነገር ግን የብረት ሣጥን ሙቀቱንም ሲግናሉንም አብሮ ይቆልፋል። ከኮርኒሱ በታች፣ ከሰው እጅ በላይ መስቀል ይበቃል። የሙቀት ሪሴት መለያው ፀሐይ ተከትሎ መምጣቱ ነው፦ ከቀትር በኋላ ይጀምራል፣ ደመና ባለበት ቀን ይቀራል።

ተረት፦ «ዝናብ ዋይፋይ ይበላል፤ ዋይፋይም መብረቅ ይጠራል»

ሁለቱም አይደሉም። በ2.4ና በ5 ጊጋኸርዝ ላይ ዝናብ በአንድ ግቢ ርቀት የሚወስደው ልብ የሚባል አይደለም፤ ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ ከኮረብታ ኮረብታ የሚያስተላልፉት የማይክሮዌቭ መስመሮች ግን ይጎዳሉ። መብረቅም ቢሆን አንድ አሥረኛ ዋት የምታስተላልፍ ሳህን ብሎ አይመጣም፤ እሱ የሚፈልገው ከፍታና መንገድ ነው።

ጥበቃው ያሉት ግን ሙሉ በሙሉ ስሕተት አልነበረም፤ ለሌላ ግቢ ቢሉት ልክ ይሆኑ ነበር። መብረቅ አካባቢው ላይ ሲወድቅ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ በተዘረጋ የመዳብ ኬብል ላይ የቮልቴጅ ግርፊያ ይነሣል። ዕቃው ወዲያው ላይሞት ይችላል፤ ፖርቱ ተጎድቶ ለወራት ሲነሣና ሲወድቅ ይከርማል። በክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር መንቀል ጥሩ ነው፤ የመብራቱን ገመድ ብቻ ነቅሎ የኔትወርኩን መተው ግን በሩን ዘግቶ መስኮቱን ክፍት መተው ነው። በሁለት ሕንፃ መካከል የሚያዋጣው ፋይበር ነው፤ ብርጭቆ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ውጭ የተሰቀለ ዕቃ ካለ ደግሞ ኬብሉ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ቀለበት ሠርቶ ይንጠልጠል፤ ውኃው ከዚያ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ መሰኪያው ውስጥ አይገባም።

ተረት፦ «5 ጊጋው ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ዕቃው ፎርጅድ ነው»

እዚህ ላይ ብዙ ጤነኛ ዕቃ ተጥሏል። የ5 ጊጋኸርዝ አየር ሙሉ በሙሉ የዋይፋይ አይደለም፤ በከፊል የራዳር ርስት ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. በተደረገው ዓለም አቀፍ የራዲዮ ጉባኤ ለዋይፋይ ሲፈቀድ፣ ከ52 እስከ 64 እና ከ100 እስከ 144 ባሉት ቻናሎች ላይ ያለ ዕቃ ለራዳር ቦታ እንዲለቅ ቃል አስገብተውታል። ከመናገሩ በፊት አንድ ደቂቃ ያዳምጣል፤ እያወራ ራዳር ከሰማ በ10 ሰከንድ ውስጥ ይለቃል፤ ለ30 ደቂቃም ወደዚያ ቻናል አይመለስም። ይህ ሕግ ቀልድ እንዳልሆነ በ2009 እ.ኤ.አ. ፖርቶ ሪኮ ሳን ሁዋን ላይ ታይቷል፤ የአውሮፕላን ማረፊያውን የአየር ጠባይ ራዳር ያወኩት የ5 ጊጋኸርዝ ገመድ አልባ ዕቃዎች ሆነው ተገኙ።

ለተጠቃሚው የሚታየው ግን ይህ ነው፦ 2.4ቱ እንዳለ ነው፣ 5ቱ ድንገት ይጠፋል፣ ከደቂቃ በኋላ በሌላ ቻናል ይመለሳል። ቀፎው ስንት ቀን ሳይጠፋ እንደቆየ ይነግራችኋል። መዝገቡም ራዳር እንደሰማ በግልጽ ይጽፋል። እርግጥ አክሰስ ፖይንት ጆሮው ይሳሳታል፤ የሌላ ዕቃ ጩኸት ራዳር ይመስለዋል። እውነተኛ ሆነም አልሆነ ሕጉን ማክበሩ ነው። አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይኼው ነበር፤ ቻናሉን ከ36 እስከ 48 ባሉት ላይ ብቻ እንዲቆይ አደረግሁት፣ እነዚያ ከራዳር ነጻ ናቸው፤ በዚያው ቀረ። «ራሱ ይምረጥ» የሚለው ቅንብር ላይ የተተወ ዕቃም የተሻለ ቻናል ባየ ቁጥር ራዲዮውን ሪሴት ያደርጋል፤ ለውጡን ሌሊት ብቻ እንዲያደርግ ማዘዝ ይቻላል።

አንዳንዶች ኃይሉ ይጨምራል ብለው የአገር ምርጫውን ወደ ሌላ አገር ይቀይሩታል። ቻናሉም የራዳሩም ሕግ አብሮ ይቀየራል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን መተንበይ ያስቸግራል። ኢትዮጵያ ላይ ይሁን።

የሶፍትዌር ብልሽትም አለ። የራዲዮው ፕሮግራም ተሰናክሎ ራሱን ያስነሣል። ይህኛው ሰዓት አይጠብቅም፣ ፀሐይና ዝናብም አይከተልም፤ አንዳንዴ አንድ ዓይነት ስልክ ሲገናኝ ብቻ ይመጣል። ዕቃው የመሰናከያ ፋይል ያስቀምጣል፤ እሱን ለአምራቹ መላክና ፈርምዌሩን፣ ማለትም የዕቃውን የውስጥ ፕሮግራም፣ ማደስ ነው መንገዱ።

ተረት፦ «ስታቢላይዘር አለው፤ መብራት አይነካውም»

ወደ ኮሌጁ ልመለስ። ሰዓቱ ሲስተካከል የሦስት ሳምንት መዝገብ አንድ ነገር ተናገረ፦ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፤ ከ5፡30 እስከ 5፡50 ባለው ጊዜ፤ ሁሌም የአንድ ሕንፃ አክሰስ ፖይንቶች አብረው ይጠፋሉ፤ ከአምስት ደቂቃ ገደማ በኋላ ይመለሳሉ። መብረቅ ቀን አይመርጥም። ተማሪው ማክሰኞም ሐሙስም አለ።

ረቡዕ ጠዋት 5 ሰዓት ላይ ሄጄ አክሰስ ፖይንቶቹን የሚያገናኘውና ኤሌክትሪክ የሚመግባቸው ስዊች ያለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ከግድግዳው ወዲያ ወጥ ቤት ነው። ሊጡ ሲፈስ ጭስ ብሎ ይሰማል፤ አክንባሎው ሲከደን ይሰማል። 5፡38 ላይ የወጥ ቤቷ እትዬ ረዳታቸውን፣ «ያንን ሁለተኛውን ጣጂው እንጂ፣ ምሳ ደረሰ!» ሲሉ ሰማሁ። ከራሴ በላይ ያለው አምፖል ፈዘዘ። ከእግሬ አጠገብ ያለው ስታቢላይዘር ጠቅ፣ ጠቅ አለ፤ ከዚያ አንድ ወፍራም ጠቅ ብሎ ቢጫ መብራት አበራ። የስዊቹ አረንጓዴ መብራቶች በሙሉ ጨለሙ።

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይበላል። ሁለቱ ሲጣዱ 7 ኪሎ ዋት፣ በ220 ቮልት ከ30 አምፔር በላይ ነው። መስመሩ ቀጭን ነበር፤ ስለካው ቮልቴጁ ወደ 150 ወርዷል። ይህን ሰው ሲሰማ «እንግዲህ ምጣዱ ነው» ይላል። እኔም ልል ነበር። ከዚያ የስዊቹን ጀርባ በስልክ መብራት አነበብኩ፦ ከ100 እስከ 240 ቮልት። 150 ቮልት ለእሱ ችግሩ አይደለም፤ ያለ ምንም ጠባቂ ቢተዉት ሳይጠፋ ይቀጥል ነበር። የቆረጠው ስታቢላይዘሩ ነው። ቮልቴጁ ከወሰኑ ሲወርድበት ዕቃውን ለመጠበቅ ይዘጋል፤ ሲስተካከልም ለፍሪጅ እንደሚደረገው ሦስት ደቂቃ ጠብቆ ነው የሚለቀው። ቢጫው መብራት ያ ነበር። አክሰስ ፖይንቶቹ ተነሥተው እስኪያስተላልፉ ሁለት ደቂቃ ሲጨመር አምስቱ ደቂቃ ሞላ።

ስታቢላይዘር ለፍሪጅና ለቆየ ቴሌቪዥን ይጠቅማል። ኃይል ግን አያጠራቅምም፤ መብራት ሲሄድ እሱም አብሮ ይሄዳል። ለኔትወርክ ዕቃ የሚያስፈልገው ትንሽ ዩፒኤስ ነው፤ እሱ ባትሪ አለው። ስዊቹን ከስታቢላይዘሩ አውጥተን ኮሌጁ መጋዘን ውስጥ የነበረ አንድ ዩፒኤስ ላይ ሰካነው፤ አዲስ ባትሪ ብቻ ነው የተገዛለት። የወጥ ቤቱ መስመር ከቆጣሪው ጀምሮ ለብቻው በወፍራም ሽቦ እንዲዘረጋ ለአስተዳደሩ ጻፍኩ፤ ይህ ለዋይፋዩ ሳይሆን ለእሳት አደጋው ነው። በሁለት ምጣድ ጭነት የሚግል ቀጭን ሽቦ ከእንጀራ ጋጋሪዎች ራስ በላይ መሄድ የለበትም። እትዬ ነገሩን ሰምተው ደንገጥ አሉና፣ «ታዲያ ይኼን ሁሉ ጊዜ ልጆቹን የምቆርጣቸው እኔ ነኝ?» አሉኝ። እርስዎ አይደሉም አልኳቸው፤ ሣጥኑን አሳየኋቸው።

ለጥበቃው ጋሼ ደግሞ አንድ ደብተር ትቼላቸው ነበር። ዋይፋይ ጠፋ የሚል ሰው ሲመጣ ሰዓቱን፣ መብራቱ ፈዞ እንደነበረና ዝናብ መኖሩን ብቻ ይጽፋሉ። ከሁለት ወር በኋላ ስመለስ ደብተሩ እበሩ ሥር በሲባጎ ተንጠልጥሏል። አብዛኛው ገጽ ባዶ ነው። የመጨረሻው መስመር በእርሳስ፣ በጎላ ፊደል ተጽፏል፦ «ሐሙስ 9፡15። መብራት ሄደ። ዋይፋይ አለ።»